ሻይ ውስጥ የሚሟሟ ክኒን

በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሥራዬ ቤተሰብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሳያውቅ ሻይ ውስጥ ብንጨምርለትስ?» እናትየው ሌሊቱን አልተኛችም፤ ልጇ ክኒን ሲሰጡት ይተፋል። ጥያቄዋ ከፍቅርና ከድካም የመጣ ነው። መልሴ ግን «አይሆንም» ነው።

አንዱ ምክንያቴ የድሬዳዋ ፀሐይ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ እህልና አትክልት ሲያወርድ የሚውል ወጣት እናስብ። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ከሆነ ሰውነቱ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፣ ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል፣ ከተቀመጠበት ድንገት ሲነሳ የደም ግፊቱ ወርዶ ያዞረዋል። ሃሎፔሪዶል በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊያጣምም፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቅል ይችላል። ይህን ለማርገብ የምንሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ደግሞ ላብን ይቀንሳል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው የሰውነቱ ውሃ ካለቀ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል።

መድኃኒት መውሰዱን የማያውቅ ሰው ጥላ አይፈልግም፣ ውሃ አያበዛም። አንገቱ በድንገት ሲጣመም ጎረቤት «ጂኒው በረታበት» ይላል። ከሁሉ የሚከፋው ሌላ ነው፦ «እየመረዙኝ ነው» እያለ ለሚጠረጥር ታማሚ በድብቅ የተሰጠ ክኒን ጥርጣሬውን እውነት ያደርግለታል። ያንን ሻይ አንዴ ከደረሰበት ከቤተሰቡ እጅ ምግብም ላይቀበል ይችላል።

አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር፣ በየክልሉ ከተሞች የአእምሮ ሕክምና በአብዛኛው የተጫነው በነርስ ትከሻ ላይ ነው። ብዙ ቦታ መድኃኒቱን የሚያዘውም፣ ጉዳቱን የሚያስረዳውም፣ ፈቃዱን የሚቀበለውም ያው አንድ ሰው ነው። ወረፋው ሲረዝም መጀመሪያ የሚቀረው ማስረዳቱ ነው። ወንድም ወረቀት ላይ ፈረመ ማለት ግን ታማሚው ፈቀደ ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የረጅም ጊዜ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውንም ይጨምራል፤ አንቀጽ 25 ሕክምና በታካሚው ነጻ ፈቃድና ግንዛቤ ላይ እንዲመሠረት ያዛል።

ፈቃድ የሚገኘው በጭውውት ነው። ታማሚውን «ጫት አቁም» ብቻ ካልኩት ይዋሸኛል። ስንት ሰዓት እንደሚቅም፣ ከምርቃናው በኋላ እንቅልፍ እንደሚያጣ ከነገረኝ ግን ጫት ሕመሙን እንዴት እንደሚያባብስ እነግረውና የሚችለውን እንስማማለን። በረመዳን የሚጾመውን ሰው ክኒን በኢፍጣርና በሱሁር ማድረግ ይቻል እንደሆነ አስቀድመን እናያለን። «አቦ፣ ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ያስተኛኛል» ካለኝ ወደ ማታ የሚዛወር መሆኑን አጣራለሁ። በየወሩ የሚሰጠው የፍሉፌናዚን መርፌ ክኒን ከመርሳት ያድናል፤ አንዴ ከተወጋ በኋላ ግን ለሳምንታት ከሰውነት ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ከክኒኑ ይልቅ እሱ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

በእርግጥ ፈቃድ መጠበቅ የማይቻልበት ሰዓት አለ። ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል የተነሳን ሰው ይዘን እንወጋለን። ይህ ሲሆን መያዙ አጭር ይሁን፣ ትንፋሹና የደም ግፊቱ ይታይ፣ የተደረገው ሁሉ ይመዝገብ። ሲረጋጋ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ለምን እንደተወጋ መንገር የነርስ ዕዳ ነው። የትናንቱ አደጋ ለነገው መርፌ ፈቃድ አይሆንም።

ለቤተሰቦች የምለው ይህን ነው፦ ልጃችሁ ክኒኑን እምቢ ሲል ሻይ ከማፍላታችሁ በፊት ይዛችሁት ተመለሱ፤ ካልመጣም እናንተ ኑና ንገሩን። ምን እንዳስቸገረው አብረን እንጠይቀው። ከእምቢታው ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የደረቀ አፍ ወይም የደከመ ወንድነት አለ፤ እነዚህ ደግሞ መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር ሊቃለሉ የሚችሉ ናቸው። በራሳችሁ ግን በድብቅ አትስጡት፣ በድንገትም አታቋርጡበት።