የረገበና የተንጠለጠለ

እንግሊዝኛ «ፔንዱለስ» የሚል ቅጽል አለው። ከላይ ተይዞ ወደ ታች የወረደ፣ ላላ ብሎ የሚወዛወዝ ነገር ሁሉ ይጠራበታል፦ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የሽማግሌ ከንፈር፣ የላም ጡት። ምንጩ «መንጠልጠል» የሚል ትርጉም ያለው የላቲኑ «ፔንዴሬ» ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ፔንዱለምም የዚያው ዘመድ ነው። የቃል ዘር መቁጠር ደስ ይላል፤ ለተርጓሚ ግን እምብዛም እንጀራ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስተረጉም እንዲህ ያለ ቃል ከመጣብኝ መጀመሪያ የምፈልገው የወረደው ነገር ምን እንደሆነ ነው።

አማርኛ ነገሩን ሳያይ አይፈርድማ! ገመድ ይረግባል፣ የከበሮ ቆዳም እንዲሁ። ቀበቶና ቋጠሮ ይላላሉ። ረጅም ቀሚስ ይንዘረፈፋል። ያረጀ ፍራሽ ይሰረጉዳል። የላም ጡት ይንጠለጠላል። «ጡቷ ረገበ» ብዬ ብጽፍ የመንዝ አርቢ ይስቅብኛል።

«ረገበ»ን ከሥሩ ማየት የፈለገ ሸማኔ ዘንድ ይሂድ። ድር ካልተወጠረ ማጉ እኩል አይገባም፤ ጨርቁ አንድ ቦታ ይጠብቃል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ባናም ይሁን ጋቢ ሕጉ አንድ ነው። የዜና አንባቢዎች «ውጥረቱ ረገበ» ሲሉ፣ ሳያስቡት ሁለቱንም ቃል ከአንድ ክር ላይ ያነሳሉ።

እንግሊዝኛና አማርኛን በመዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ካስቀመጡት ቀደምቶች አንዱ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ካርል ኢዘንበርግ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ከሚስዮናዊ ባልደረባው ክራፕፍ ጋር ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ እዚሁ ቅርባችን አንኮበር መጣ፤ ወራት ቆይቶ ተመለሰ፤ በ1841 መዝገበ ቃላቱን ለንደን ላይ አሳተመ። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። እንዲህ ላለው ቅጽል ግን እጄ የሚሄደው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። በ1962 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ አማርኛን በአማርኛ ይፈታል። ለተርጓሚ የሚበጀው ይሄ ነው፤ የባዕዱን ቃል ትርጉም ከሌላ ቦታም አገኘዋለሁ፣ የራሴ ቃል የት እንደሚገባ የሚነግረኝ ግን እሱ ነው።

እናንት የቋንቋ ተማሪዎች፣ መመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ካጣችሁ በየሸማኔውና በየቆዳ ሠሪው ቤት ግቡ፤ ቃሉን ከነነገሩ መዝግቡልን።