ኦሮማይን ከካርታው ጎን ሳነበው

በ2013 እና በ2014 ስልኬ ላይ የነበረው ጦርነት ቀለም ነበር። ቴሌግራም ላይ ማታ ማታ ካርታ ይለቀቃል፤ አንዱ ወገን በቀይ፣ ሌላው በአረንጓዴ። እኔ አዳማ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ወጥቼ በጣቴ እያሰፋሁ አያለሁ። ተከዜ ሰማያዊ መስመር ነው። «ተከዜን ተሻገሩ» ሲባል ቀለሙ መስመሩን አለፈ ማለት ነው፣ በቃ። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ካርታው ይመቸኝ ነበር፤ ንጹህ ነው፣ በየቀኑ ይታደሳል፣ ሰው የለበትም።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው። አስፋልት ዳር ሸራ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ልጅ ገዛሁት። ስለ መጽሐፉ የሚወራውን ያው ሁላችንም እናውቃለን፤ በ1975 ታተመ፣ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ታሪክ መጽሐፉን ጎድቶታል እላለሁ። ብዙዎቻችን «ያስገደለው መጽሐፍ» ብለን ነው የምንከፍተው፤ ምስጢሩ የት ገጽ ላይ እንዳለ እንፈልጋለን እንጂ እንዴት እንደተጻፈ አናይም።

ጓደኞቼ የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፦ ጦርነቱ ዘገየ። እውነት ነው። ተራኪው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ወደ አስመራ ይሄዳል፤ ከዚያ ስብሰባ ነው፣ ፕሮግራም ነው፣ ሆቴል ነው፣ መጠጥ ነው፣ ስለላ ነው፣ ፊያሜታ ናት። ናቅፋ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ገጽ እየዘለልኩ ነበር።

ሁለተኛ ሳነበው ግን መዘግየቱ ራሱ የመጽሐፉ ሐሳብ መሰለኝ። ጥር 1974 የተጀመረው ዘመቻ ሙሉ ስሙ «ቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ነው። «ሁለገብ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ጦርነት ብቻ ሳይሆን ፋብሪካ ማስነሳት፣ ከተማ ማደስ፣ ሕዝብ ማሳመን ሁሉ በአንድ እቅድ ውስጥ ነበር። በዓሉ ራሱ አስመራ ሄዶ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ ስለነበር ቋንቋውን ከውስጥ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ገጽ የስብሰባ ንግግር የሚያሰማን። እኛ መሥሪያ ቤት ዴሞ ላይ ብቻ የሚሠራ ሲስተም አለ፤ ስላይዱ ያምራል፣ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ደንበኛው ሲነካው ይወድቃል። ኦሮማይ ውስጥ ዴሞው አስመራ ነው፤ ናቅፋ ደግሞ ደንበኛው። ተራራው ስር ስንደርስ ቃላቱን ሁሉ ጠግበን ነው የምንደርሰው። አዳራሽ ውስጥ ድል የነበረው ነገር ድንጋይ ላይ ምን እንደሆነ በዓሉ ማብራሪያ ሳይጨምር ያሳየናል። ውጊያውን ገጽ አንድ ላይ ቢያደርገው ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

በታሪክም የሆነው ይኸው ነው፤ ናቅፋ አልተያዘችም። መጋቢት 1980 ደግሞ ሻዕቢያ ከዚያው ከናቅፋ ወርዶ አፋቤት ላይ የናደው ዕዝን ደመሰሰ፤ ሊወጣ የሞከረው የታንክና የተሽከርካሪ ሰልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ተዘጋ። በዓሉ ያንን አላየም። መጽሐፉን ዛሬ የሚያነብ ሰው ግን ሳያስበው አይቀርም።

የማይጥመኝም ነገር አለ። ፊያሜታ ጊላይ አንዳንዴ ሰው መሆኗ ይቀርና አስመራን ትሆናለች፤ ውብ፣ አታላይ፣ የምትወደድ። ይሄ ለአንዲት ገጸ ባሕርይ ከባድ ሸክም ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን የመጽሐፉ ዓይን ከባለሥልጣን፣ ከመኮንን፣ ከሰላይና ከጋዜጠኛ ብዙ አለመውረዱ ነው። ጀሪካን የሚሸከመው ወታደር ያልፋል እንጂ አይቆይም።

ጀሪካን ያልኩት አጎቴን አስቤ ነው። በደርግ ጊዜ ሰሜን ዘምቶ የተመለሰ ነው፤ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ስለ ተራራ ውጊያ ስጠይቀው «ተራራውስ ምን አለው፣ ችግሩ ውሃው ነው» አለኝ። ውሃው ከታች ነው፤ ሌሊት ይወረዳል፤ ጠላትም የሚጠማው ሰው ስለሆነ እዚያው ይጠብቃል። ካርታ ላይ የወንዝ ነገር መሻገር ነው። ለሱ መጠጣት ነበር።

ከዚያ በኋላ የቴሌግራሙን ካርታ እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። ሰኔ 2013 መጨረሻ ላይ የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ ካርታው ላይ የጠፋችው የጥፍር ታህል መስመር ናት፤ መሬት ላይ ግን እርዳታ የሚያልፍበት መንገድ ነበር። የዚያን ክረምት ወንዙ ወደ ሱዳን የወሰዳቸው አስከሬኖች እዚያ ዳርቻ ላይ መገኘታቸው ሲዘገብ፣ የእኔ ካርታ ያንን የሚያሳይበት ቀለም አልነበረውም። ፋይሉን ሁለቴ አድሼዋለሁ። ያው ሰማያዊ መስመር።

ባለፈው ፋሲካ መጽሐፉን ለአጎቴ ሰጠሁት። ከፊት አልጀመረም፤ ወደ መጨረሻ ገልጦ የተራራውን ክፍል ቆሞ አነበበ። ከዚያ «እስቲ ያንን ስልክህን» አለኝ። የሳተላይቱን ምስል ከፍቼ ናቅፋን አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ፣ በወፍራም ጣቱ ወዲያ ወዲህ ገፋው።

«ሁሉም ቡናማ ነው እኮ» አለ። «ውሃው በየት በኩል ነው?»

አሰፋሁለት። አላገኘነውም።