ከቀለሙ በታች ያለው ቮልስ

ደህና የተያዘ ቮልስ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ በሩ በቀላሉ አይገጥምም። ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣና በሩን መልሶ ይገፋዋል። አንዱ መስኮት በጣት ስፋት ዝቅ ካለ ግን ያው በር በትንሽ ግፊት ገብቶ ይቆለፋል። ይህ የሚሆነው የበሩ ላሜራ፣ ዙሪያውን የሚይዘው ጎማና ሁለቱ ቋሚዎች ፋብሪካ የሰጣቸውን ልክ ሲጠብቁ ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የሄደ ሰው ቁልፍ ከመጠየቁ በፊት በሩን ደጋግሞ ቢከፍትና ቢዘጋ ይጠቀማል። በሩ ሲከፈት ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ማጠፊያው አልቋል፤ ይህ በትንሽ ወጪ ይጠገናል። ማጠፊያው ጠንካራ ሆኖ በበሩ የኋላ ጠርዝና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ግን ችግሩ ከበሩ አልፎ ከሥር ያለውን ብረት ነክቷል።

ቮልስ ብርቅ መኪና አይደለም። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ሲወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርተው ነበር። የፎርድ ሞዴል ቲን ቁጥር ያለፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ይህን ያህል የተመረተ መኪና ነገ በዋጋ ያድጋል ብሎ መግዛት ሞኝነት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ምክንያት አለው እላለሁ። አብዛኞቹ የቤተሰብ መኪና ሆነው ተነድተዋል፣ ተጭነዋል፣ ተገጭተዋል፣ በየሰፈሩ ጋራዥ ተበይደዋል። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የራሱን ላሜራ፣ የራሱን ወለልና የራሱን ቁጥር እንደያዘ የሚገኝ ጥቂት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ቮልስ ከእንግዲህ ይቀንሳል እንጂ ይበዛል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል። ቁጥሩ ማነሱ ግን የበሰበሰውን ቮልስ ውድ አያደርገውም። ዋጋ የሚኖረው ያልበሰበሰው ነው።

ዘመኑን ከኋላ መስኮቱ ማወቅ ይቻላል፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። እስከ 1953 መጀመሪያ የተሠሩት በመሐል ቋሚ የተከፈሉ ሁለት ትንንሽ መስታወቶች አሏቸው። ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ ያሉት አንድ ሞላላ መስኮት አላቸው። እነዚህ ሁለቱ ዓለም ላይ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ናቸው፤ የቤተሰብ በጀት የያዘ ገዢ ባይጓጓላቸው ይሻላል። ከነሐሴ 1957 ጀምሮ መስኮቱ ወደ አራት ማዕዘን ሰፋ፤ ከነሐሴ 1964 ጀምሮ ደግሞ የሁሉም መስታወት መጠን አደገ። እኔ የምመርጠው ከ1965 እስከ 1967 ሞዴል ያለውን ነው። የፊት መብራቱ ገና ከፓራፋንጎው ጋር ወደ ኋላ ዘንበል እንዳለ በመስታወት ተሸፍኗል፤ ፓራውልቱም ቀጭን ነው። በ1968 ሞዴል መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራውልቱ ወፈረ። የኋለኛው ለመንዳት ይመቻል። የፊተኛው ግን ከጎን ሲታይ መስመሩ ከኮፈኑ ጫፍ እስከ ኋላ ሳይሰበር ይሄዳል።

አራቱ ፓራፋንጎዎች በቦዲው ላይ አልተበየዱም፤ በብሎን ታስረዋል። በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቀጭን ክር አለ፤ ሁለቱ ብረት እንዳይፋተግና ውሃ እንዳይገባ ይይዛል። ይህ ክር ለገዢ ትልቅ ምስክር ነው። ሥራውን የሚያከብር ቀለም ቀቢ ፓራፋንጎውን ፈትቶ፣ ክሩን አውጥቶ፣ ሁለቱን ለየብቻ ቀብቶ መልሶ ያስራል። የቸኮለው ክሩ እንዳለ ከላይ ይረጫል። እንዲያ ሲሆን ቀለሙ ክሩ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጥፍር ቢገባበት በቅርፊት ይነሳል። ክሩ ንጹሕና እኩል ወርዶ ከተገኘ፣ የብሎኖቹ ራስም በመፍቻ ካልተላጠ፣ መኪናው ትልቅ ግጭት አላየም ወይም ያየውን በሥርዓት ጠግነውለታል። ከዚያ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዞ የፓራፋንጎውን የታችኛ ክፍል፣ የፊት መብራቱን ዙሪያና የበሩን የታች ጠርዝ መዳሰስ ነው። ማግኔቱ የሚይዘው ላሜራን ነው፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ ሲደርስ ይለቅቃል። ትንሽ ስቱኮ አያስደነግጥም። የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ማግኔቱ ጨርሶ ካልያዘ ግን ከሥሩ ላሜራ ስለመኖሩ መጠየቅ አለበት።

ቮልስ እውነተኛ አጥንቱ ከሥር ነው። በመሐል አንድ ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ ይሄዳል፤ በግራና በቀኙ ሁለት የወለል ላሜራዎች ተበይደውበታል። ቦዲው ከላይ መጥቶ ወለሉ ጠርዝ ላይ በብሎኖች ይታሰራል፤ በመካከላቸው ማሸጊያ አለ። ከበሮቹ ሥር ደግሞ ሁለት ባዶ ቱቦዎች ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የራዲያተር ውሃ የለውም። ለተሳፋሪው የሚሆነው ሙቀት በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር ነው፤ በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ አልፎ የፊት መስታወቱ ድረስ ይደርሳል። አንድ ክፍል ሁለት ሥራ እንዲሠራ ተደርጓል፦ ቤቱን ያጠነክራል፣ ሙቀትም ያመላልሳል። ድንቅ አሠራር ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው። እርጥበት ውስጡ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል፤ ውጪው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ደህና ሲመስል ውስጡ አልቆ ሊሆን ይችላል። በትንሽ ካቻቪቴ እጀታ ከፊት ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማ ማንኳኳት ይበቃል። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያለቀው ደንቆሮ ድምፅ አለው። ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ክሪክ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቱቦ አለ። ባለቤቱ መኪናውን በዚያ በኩል በራሱ ክሪክ ለማንሳት ካመነታ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም።

የኋላ ወንበሩ መቀመጫ መፍቻ ሳያስፈልገው በእጅ ተስቦ ይወጣል። ከሥሩ በቀኝ በኩል ባትሪው አለ። ለዓመታት የተንጠባጠበ አሲድ መጀመሪያ የሚበላው ይህን ማዕዘን ነው። እዚህ ላይ የተለጠፈ አዲስ ላሜራ ቢገኝ ወዲያው መሸሽ አያስፈልግም፤ ብየዳው እንዴት እንደተሠራ ማየት ነው። ጥሩ ባትላሜራ ባለሙያ የተበላውን ቆርጦ ያወጣና ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሞ ያስረዋል። ሌላው አሮጌው ላይ አዲሱን ደርቦ ዙሪያውን ነጠብጣብ ያደርግበታል። በሁለቱ ብረት መካከል የቀረው እርጥበት ሥራውን ይቀጥላል።

እዚያው ወንበር ሥር፣ መሐለኛው ቱቦ ላይ፣ የሻንሲው ቁጥር ተመትቷል። ከነሐሴ 1964 ወዲህ ቁጥሩ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን ሲያመለክቱ ሦስተኛው የሞዴሉ ዓመት ነው፤ 117 ብሎ የሚጀምር የ1967 ሞዴል ሴዳን ነው። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር በታች፣ የሞተሩ ቤት ላይ ይገኛል። የፊደሉም ምልክት ይጠቅማል፦ ዲ የ1200፣ ኤፍ የ1300፣ ኤች የ1500 ሞተር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሊብሬው ላይ ካሉት ጋር አሃዝ በአሃዝ መመሳከር አለባቸው። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ ስም ለማዛወር ሲኬድ ጣጣው የገዢው ይሆናል። ለወደፊት ዋጋ የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ሊጨምር ይችላል። ቮልፍስቡርግ ያለው የፎልክስዋገን ሙዚየም የሻንሲውን ቁጥር ተቀብሎ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን አገር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። አሁን ነጭ የሆነው መኪና ሲወለድ ሰማያዊ እንደነበር ከወረቀቱ ማንበብና ከክሩስኮቱ ጀርባ ያንኑ ሰማያዊ ፈልጎ ማግኘት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ሞተሩን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። በአራት ማሰሪያ ተይዞ የሚወርድና የሚሰቀል ስለሆነ ከላሜራው ይልቅ እሱን ማዳን ይቀላል። ሲታይ ግን ሰዓት ያስረሳል። ቤቱ ከማግኒዚየም ቅይጥ ተሠርቶ በቁመቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሁለቱ ግማሾች ሲጋጠሙ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን አይገባም። ማሸጊያ ቅባት ተቀብቶ ብረት ከብረት ጋር ይገናኛል። ሲሊንደሮቹ አራት የተለያዩ የብረት ቱቦዎች ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ይተኛሉ፣ ዙሪያቸውን ቀጫጭን ክንፎች አሏቸው። በ1200ው የፒስተኑ ስፋት 77 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጉዞው 64 ብቻ ነው። ኃይሉ 34 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያንንም የሚሰጠው በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ ነው። ፒስተኑ አጭር መንገድ በቀስታ ስለሚሄድ ራሱን አያደክምም።

ጤንነቱ በእጅ ይመረመራል። ሞተሩ ጠፍቶ የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብና መግፋት ነው። ዋናው ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲጫወት የተፈቀደለት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.15 የመጨረሻው ወሰን ነው። ይህ በእጅ የሚሰማ አይደለም። ሲሳብ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ ወሰኑ ታልፏል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት።

ቀጥሎ ቆርቆሮዎቹን ማየት ነው። ብዙ ገዢ አያያቸውም፤ አንዳንድ መካኒክም ፈትቶ ጥሏቸዋል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ ሽፋኖች ነፋሱን በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ ይመሩታል። በሞተር ክፍሉ ጠርዝ ያለው የጎማ ማሸጊያ ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ከሚወጣው ሙቅ አየር ይለያል። ጎማው ከጠፋ ፋኑ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። ይህን ቀድሞ የሚከፍለው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ሽፋን ውስጥ ከእሱ በላይ ስለቆመ የሚደርሰው አየር ያነሰ ነበር። ፋብሪካው ይህን አውቆ የዚያን ሲሊንደር እሳት ጥቂት ያዘገይ ነበር፤ በ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አወጣው። የቫልቮች ክፍተት በአብዛኞቹ የኋለኞቹ ሞተሮች 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚለካው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ የለውም። በጊዜው ያልተቀየረ ዘይት እዚህ ሞተር ላይ ይቅርታ አያገኝም።

በጣም የምወደው የቺንጊያው ማጥበቂያ ነው። የዲናሞው ፑሊ ከሁለት ግማሽ ሳህን ተሠርቷል፤ በመካከላቸው ስስ ሮንዴላዎች ተደርድረዋል። ቺንጊያው ሲላላ አንድ ሮንዴላ ከመካከል ይወጣል፤ ሁለቱ ሳህኖች ይቀራረባሉ፣ ቺንጊያው ወደ ላይ ተገፍቶ ይጠብቃል። በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ ልኩ ነው። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከፑሊው ውጭ ዳዶው ሥር ይቀመጣል፣ አዲስ ቺንጊያ ሲመጣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዳዶውን ፈትቶ ሮንዴላዎቹን መቁጠር መኪናው በማን እጅ እንዳለፈ ያሳያል። ሁሉም ካሉ አንድ የሚጠነቀቅ ሰው ነበረው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ወደ 2,400 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ሩብ ያህል ያጣል። ዳገት ላይ ቢደክም ወዲያው በሽታ ነው ማለት አይገባም። ካንዴላው ተነቅሎ ጥቁር ጥላሸት ካሳየ ካርቡራቶሩ ለቆላ እንደተለካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ አነስ ያለ ዤት ይበቃዋል።

እንግዲህ ሁለት ቮልስ ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ አንዱ ትናንት ተቀብቶ የሚያበራ፣ ሌላው የመጀመሪያ ቀለሙ ጣሪያው ላይ የሳሳ፣ ፓራፋንጎው አንድ ቦታ የጎደጎደ፣ ግን ወለሉ፣ ቱቦዎቹና ክሮቹ ደህና የሆኑ፣ እኔ ሁለተኛውን በተመሳሳይ ዋጋ እገዛለሁ። የጎደጎደው ፓራፋንጎ ብሎኑ ተፈትቶ ይወጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይመለሳል። የመጀመሪያውን ቀለም ግን ማንም ባለሙያ ሊመልሰው አይችልም፤ ያወቀ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከገዙ በኋላ መኪናውን ለመንዳት የሚያስፈልግ ለውጥ ማድረግ ተገቢ ነው። ባለ 6 ቮልቱ ዲናሞ በ12 ሊተካ ይችላል፤ ካርቡራቶሩም እንዲሁ። የወጣው እያንዳንዱ ዕቃ ግን ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ የተፈታበት ቀን ተጽፎበት በአንድ ሣጥን ይቀመጥ። መኪናው ሲሸጥ ሣጥኑ አብሮ ይሸጣል።