የወደቀውን የሚመረምር መጽሐፍ

የሳይበር ደህንነትን በራሱ ለመማር የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ብዙውን ጊዜ የመሣሪያ መጽሐፍ ነው፤ ይህን ሶፍትዌር ጫን፣ ይህን ትእዛዝ ጻፍ እያለ የሚመራ። እኔ ለጀማሪ የማስቀድመው አንድ ጥበቃ ለምን እንደተሰበረ እስከ ሥሩ የሚመረምረውን ነው። የዚህ ሙያ ዋና ችሎታ የሥርዓቱ ሠሪ ያላሰበበትን ቦታ ማየት ስለሆነ፣ ዓይን የሚሠለጥነው በእውነተኛ ውድቀቶች ላይ ነው። ክሊፎርድ ስቶል እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው «ዘ ኩኩስ ኤግ» ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት ይገኛል። የሥነ ፈለክ ባለሙያው ስቶል ይህችን ልዩነት ሲከታተል፣ በላቦራቶሪው በኩል ወደ አሜሪካ ወታደራዊ ኮምፒውተሮች የሚሻገር ጀርመናዊ ሰርጎ ገብ ላይ ይደርሳል፤ የተሰረቀው መረጃ ለሶቪየት ኬጂቢ ይሸጥ ነበር። ታሪኩ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል። ለተማሪ የሚበጀው ግን ስቶል ሰርጎ ገቡ የሚጽፈውን ሁሉ በፕሪንተር እያተመ፣ የሆነውን በደብተር እየመዘገበ፣ ግምቱን ከማስረጃው ጋር እያመሳከረ የሄደበት መንገድ ነው።

ዘመን ያለፈበት መጽሐፍ ነው የሚል ይኖራል። ማሽኖቹ በእርግጥ አርጅተዋል። ሆኖም ያ ሰርጎ ገብ ከከፈታቸው በሮች አንዱ ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይቀየር የቀረ የይለፍ ቃል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌርም እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው 60 ገደማ እንዲህ ያሉ የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ቀጣሪ የሚጠይቀው የመሣሪያ ችሎታ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፣ መሣሪያ ሳይዙ ሥራ የለም። ነገር ግን የመሣሪያውን መመሪያ ሠሪው ራሱ ብዙ ጊዜ በነጻ ያወጣዋል፣ ስሪቱ በተቀየረ ቁጥርም ያድሰዋል፤ የታተመ ወረቀት እዚህ ላይ ሊወዳደር አይችልም። በዘርፉ በጣም የተከበረው «ዘ ዌብ አፕሊኬሽን ሃከርስ ሃንድቡክ» እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ሁለተኛ እትሙ በኋላ ሦስተኛ አልታተመለትም፤ ቦታውን የያዘው በየጊዜው የሚታደስ ነጻ የኢንተርኔት ትምህርት ነው። ስለዚህ ለመጽሐፍ የሚወጣው ገንዘብና ጊዜ መመሪያ ለማይሰጠው እውቀት ቢውል ይሻላል።

ደራሲው በማስረጃ ፊት ሐሳቡን መለወጡም ለእኔ ትልቅ ሚዛን ነው። ብሩስ ሽናየር ቀደም ሲል ስለ ምስጠራ የጻፈው መጽሐፍ የምስጠራውን ሒሳብ ኃይል አጉልቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው «ሲክሬትስ ኤንድ ላይስ» ግን ጥበቃው የሚፈርሰው ከሒሳቡ ውጭ፣ በሶፍትዌሩ፣ በኔትወርኩና በሰዎች በኩል መሆኑን ገልጾ የቀድሞ እምነቱን አርሟል። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የሮስ አንደርሰንን «ሴኪዩሪቲ ኢንጂነሪንግ» እወስዳለሁ። ሦስተኛው እትም ከ1000 ገጽ በላይ ነው፤ ይህ ጀማሪን ሊያስፈራ ይችላል፤ ደግነቱ ምዕራፎቹን ከመሃል መጀመር ይቻላል። የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽኖች እንዴት እንደተጭበረበሩና በደቡብ አፍሪካ የቅድመ ክፍያ መብራት ቆጣሪዎች ምን እንዳጋጠማቸው የሚተርኩት ገጾች፣ በካርድ ቆጣሪ ለሚጠቀም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ናቸው። ቀደምት እትሞቹን ደራሲው በድረ ገጹ በነጻ ስለለቀቃቸው ዋጋውም እንቅፋት አይሆንም።