ከቅኔ ማኅሌት የሚሰጥ የገና ስጦታ

የገና ስጦታ ሲባል የዛሬው ከተሜ አሳብ ቶሎ የሚሄደው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ወደ ተጠቀለለ ዕቃ ነው። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ መርካቶ ውስጥ ይህ አሳብ ሥጋ ለብሶ ይታያል፤ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ሻጩም ሸማቹም ይተራመሳል። በዚሁ ግርግር መካከል፣ ከታላቁ አንዋር መስጊድ እምብዛም ሳይርቅ በሚገኘው በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ግን ሌላ ዓይነት ስጦታ ይዘጋጃል። ሌሊቱን በእግራቸው ቆመው የሚያድሩት መዘምራን የሚያቀርቡት በክንድም በኪሎም አይለካም። ዜማ ነው፤ በዜማውም መካከል ለዚያች ሌሊት ተብሎ የተቆጠረ ቅኔ ነው። ስለ ሰጪዎቹ ትጋት ብዙ ምስጋና ተጽፏል። ስጦታው ለተቀባዩ መድረስ አለመድረሱ ግን እምብዛም አልተመረመረም።

የማኅሌቱ ሥርዐት በ6ኛው መቶ ዘመን ከኖረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር በሚያያዙት በግእዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ዜማ ላይ የቆመ ነው። የዜማውን ምልክት ማበጀት ትውፊቱ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። (የመርካቶው ደብር የሚጠራው በመልአኩ እንጂ በሊቁ ስም አይደለም፤ የስሙ መገጣጠም ግን ለመዘምራን ደስ የሚል ነው።) ማኅሌቱ በዝግታ፣ በመቋሚያ ዝማሜ ይጀምራል፤ ጸናጽሉ ይገባል፣ ከበሮው ይከተላል፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እየፈጠነ ወደ ጸፋት ይደርሳል። ፍጥነቱ ከውጭ የተጨመረ ሳይሆን ከዝግታው ውስጥ ያደገ በመሆኑ ሰሚውን ሳያስደነግጥ ያነሣዋል። በቅርጽ በኩል ሐያሲ የሚያወጣለት እንከን ጥቂት ነው።

ቅኔው የተለየ ትኩረት ይሻል። ሰብአ ሰገል ይዘው እንደ መጡ የሚነገረው ስጦታ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ነው። ባለቅኔው ከሦስቱ ሁለቱን በሙያው ቋንቋ ይዟቸዋል፤ ከሰሙ ሥር የሚገኘው ምስጢር ወርቅ ይባላል፤ ስሙን ከዕጣን የወሰደው ዕጣነ ሞገርም ከቅኔ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ፣ ከዚያም እስከ 11 ቤት ሊደርስ እስከሚችለው ዕጣነ ሞገር ድረስ የሁሉም ሕግ አንድ ነው፤ ቅኔ አይደገምም። አምና የቀረበውን ዘንድሮ ማምጣት ነውር ነው፤ የሌላውን የራስ አስመስሎ ማቅረብም ከዚያ የባሰ ነውር ነው።

የአውሮፓውያን ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1734 (እ.ኤ.አ.) በላይፕሲግ ከተማ ለገና ባቀረበው ኦራቶሪዮ ውስጥ ቀደም ሲል ለሳክሶኒ ገዥ ቤተ ሰብ ልደት የደረሳቸውን ዜማዎች አዲስ ግጥም እያለበሰ መልሶ ተጠቅሞባቸዋል። ያም ድርሰት በወረቀት ስለ ሰፈረ ዛሬም ገና በመጣ ቁጥር በብዙ አገር ይዘመራል። በዚያ መድገም የጥበቡ አካል ነው። ላሊበላም ቢሆን ካህናቱ በገና ማለዳ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከገደሉ ላይና ከግርጌው ሆነው የሚዘምሩትን «ቤዛ ኵሉ»ን ተሳላሚው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚጠብቀው፣ በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ቅኔ ግን እንደ ዕጣኑ ሲቀርብ ያልቃል። እንደ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ «ዝክረ ሊቃውንት» ያሉ መጻሕፍት ብዙ ቅኔ ከመጥፋት ማዳናቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም በመጽሐፍ የሚነበበው የስጦታው መዝገብ እንጂ ስጦታው ራሱ አይደለም።

አሳሳቢው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነገር በዚያች ጊዜ ካልተሰማ ፈጽሞ አልተሰጠም። የመርካቶ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአራዳ ተነጥሎ በአዲስ ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሕዝብ የሰፈረበት ቦታ ነው። በገና ሌሊት ነጠላውን ተከናንቦ በቅጥሩ ውስጥ የሚቆመው ነጋዴ፣ ተሸካሚና ሸማኔ አብዛኛው ግእዝ አልተማረም፤ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይደርሰውም። ድምፅ ማጉያውም ነገሩን አላቀለለውም። በየግንቡ የተሰቀለው ጥሩምባ መሰል ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ከከበሮው የሚሰማው የጠባቡ አፍ ጥፊ ብቻ ነው። የሰፊው አፍ ድምፅ ውስጥ ይቀራል። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ የመለኮት፣ ጠባቡን የትስብእት ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ፤ በልደት ሌሊት አንደኛው ምሳሌ በሽቦ ምክንያት መቅረቱ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በዚህ ክፍተት የገቡት የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ናቸው። ዝማሬያቸው በአማርኛ በመሆኑ ሕዝቡ ይቀበላቸዋል፤ አብሮም ያጨበጭባል። ካሴት በተስፋፋበት ዘመን መዝሙሩ ከመርካቶ የሙዚቃ ሱቆች ተገዝቶ በየቤቱ ገብቷል፤ ዛሬ ደግሞ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ይህን አገልግሎት መናቅ አይገባም። ግጥሙ ሲመረመር ግን አብዛኛው የገና መዝሙር አንድ ዓይነት ነው፤ በረቱ፣ ግርግሙ፣ ኮከቡ፣ እረኞቹ በተለመደው ቤት መምቻ ይደረደራሉ፣ አዝማቹም ይመለሳል። ታሪኩ ይነገራል እንጂ አዲስ አሳብ አይፈጠርበትም። የማኅሌቱ መዘምር ያልተሰማ ነገር ሰጥቶ ሳይገባ ሲቀር፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መዘምር የገባውን ነገር ለሕዝቡ መልሶ ይሰጠዋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ገና አልተበጀም።

ሊገናኙ የሚችሉበት ጥሬ ዕቃ ግን ከደጁ አልራቀም። ሰም የሚገኘው ከሚታየው ዓለም ነው፤ የቀደሙት ባለቅኔዎች ከእርሻው፣ ከጦር ሜዳውና ከንጉሡ ግብር እየወሰዱ ተጠቅመውበታል። የመርካቶ ባለቅኔ ሚዛን፣ ቁና፣ ጆንያና ብድር በፊቱ አሉለት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማደሪያ አጥታ በበረት የወለደች እናት ታሪክ በሚነገርበት ሌሊት፣ ቀኑን ሙሉ ጭነት የተሸከመ ሰው ከቅጥሩ ውጭ በሱቅ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ይህ ሰም ሆኖ ሲቀርብ ወርቁን ለመረዳት የቅኔ ቤት ዘመን አያስፈልግም። የእንግዳ ማረፊያ በሩን መዝጋቱንና የሱቁን ቆርቆሮ መዝጊያ በአንድ ቃል የሚያስተሳስር ባለቅኔ፣ ከልማዳዊው የእረኞች ምስል እጅግ የሚልቅ ስጦታ ይሰጣል።

የበዓሉ መልካም ምኞትም ለዚህ ይረዳል። የአማርኛው ሰላምታ ስለ መጪው ከመመኘቱ በፊት ስለ ደረሱበት ያመሰግናል፤ «እንኳን አደረሰዎ» ሲባል «እንኳን አብሮ አደረሰን» ተብሎ ይመለሳል። በውስጡ ያልደረሱት ይታሰባሉ። በመወድስ ውስጥ በሕይወት ያለን ሰው ማወደስና መመረቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ምርቃቱ ግን በአብዛኛው ወደ ባለሥልጣንና ወደ ባለጸጋ ሲያደላ ኖሯል። የበረንዳው አዳሪ ግን ገና አልተመረቀበትም።

ነቀፌታው በባለቅኔው ላይ ብቻ ቢወድቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት ብዙ ደብተራ ለማኅሌት አገልግሎቱ የሰሞን መሬት ይይዝ ነበር። መሬቱ ሲወሰድ የከተማው መዘምር በደብር ደመወዝ የሚኖር ሠራተኛ ሆነ። ቅኔን ለመቁጠር ጊዜና ጸጥታ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በመርካቶ ውድ ናቸው። ቢሆንም ወጪ የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ቅኔው ከተሰጠ በኋላ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በሁለት ደቂቃ፣ በአማርኛ ሰሙንና ወርቁን መንገር ይቻላል። የተፈታ ቅኔ ጣዕሙን ያጣል የሚሉ አሉ። የቅኔ ቤቱ መምህር ግን ከጎጆው ደጅ ተቀምጦ ለተማሪዎቹ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።