የቀንድ አውጣውን ዛጎል ተመልከቱ

ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቆቻችን የሚገኙበት ታላቁ ስምጥ ሸለቆ በምዕራባዊ ክንፉ ታንጋኒካን ይዟል። ይህን ሐይቅ ታንዛኒያ፣ ኮንጎ፣ ብሩንዲና ዛምቢያ ይጋሩታል። ወለሉ በአንዳንድ ስፍራ በቀንድ አውጣ ዛጎል ተሸፍኗል። አብዛኛው የኒዮታውማ ዛጎል ነው፤ ይህ ቀንድ አውጣ ዛሬ በሕይወት የሚኖረው እዚያ ብቻ ነው። የሐይቁ ውሃ ማዕድን የበዛበትና አልካሊ፣ ፒኤቹም ወደ 9 የሚጠጋ ስለሆነ ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ዛጎሉ ሳይሟሟ ለረጅም ዘመን ይቆያል። ትናንሽ ሲክሊዶች በዚህ ባዶ ዛጎል ገብተው ይኖራሉ፣ ይራባሉም። የእኛ ቆሮሶም የዚሁ የሲክሊድ ቤተሰብ አባል ነው። እኔ የማረባው፣ በዛጎል የሚኖረው መልቲፋሲያተስ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ወንዱ ከ4 እስከ 5፣ ሴቷ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች።

እነዚህን ዓሦች ለማርባት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ «በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ አብሯቸው ይኖራል?» ብሎ ነው። ይኖራል፤ እንዲያውም ያለ እሱ ገንዳ ባላዘጋጅ እመርጣለሁ። ዓሣው ካልሲየም የበዛበትን አልካሊ ውሃ ይወዳል፤ ቀንድ አውጣውም ዛጎሉን የሚገነባው ከዚያው ካልሲየም ነው። ስለዚህ ፒኤቹ ከ8 በላይ፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሆነ አንድ ውሃ ለሁለቱም ይበቃል።

መጀመሪያ የምመርጠው ሜላኖይደስ የሚባለውን ሹል ዛጎል ያለውን ዝርያ ነው። ቀን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የተረፈውን ምግብ ይለቅማል። መልቲፋሲያተስም አሸዋ ቆፋሪ ነው፤ በአፉ እየዛቀ በዛጎሎቹ ዙሪያ ጉድጓድ ያበጃል። በቁፋሮው መሐል ትንሽ ቀንድ አውጣ ካገኘ በአፉ አንጠልጥሎ ከደጁ አርቆ ይተፋዋል። ቀንድ አውጣው ምንም ሳይሆን ጥቂት ቆይቶ መንገዱን ይቀጥላል። የዓሣውን እንቁላል ይበላል ብላችሁ አትስጉ፤ ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ከዛጎሉ ጠመዝማዛ ውስጥ ስለሆነ በሩን ራሷ ትጠብቃለች። የመስታወቱን አልጌ ለማስበላት ኔራይት የሚባለው ቀንድ አውጣ ጥሩ ነው፤ እንቁላሉ በጨው አልባ ውሃ ስለማይፈለፈል አይበዛም። ረጃጅም ቀንዶች ያሉትን ትልቁን አፕል ቀንድ አውጣ ግን አልመክርም፤ ዓሦቹ ቀንዶቹን እየነከሱ ዕረፍት ይነሱታል።

ሜላኖይደስ ያለ ወንድ መውለድ ስለሚችል ይበዛል። ቁጥሩን የሚወስነው ምግብ ነው፤ በጣም ከበዛ ዓሦቹን ከሚገባው በላይ እየመገባችሁ ነው ማለት ነው። መፍትሔውም ምግቡን መቀነስና የበዛውን በእጅ መልቀም እንጂ መድኃኒት አይደለም። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ቀንድ አውጣዎቹን በአንድ ጊዜ ይፈጃቸዋል። አሸዋ ውስጥ ሲበሰብሱ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ፒኤች ከፍ ባለበት ውሃ መርዝነቱ ይብሳል። በሌላ ውሃ ብዙም የማይጎዳው መጠን የታንጋኒካን ዓሣ ይገድላል።

ቀንድ አውጣን በዋናነት የማኖረው ግን ስለ ውሃው ስለሚነግረኝ ነው። ዓሣ ችግሩን ይደብቃል፤ ውሃው እየተበላሸም የዓሣው ቀለም ላይለወጥ ይችላል። ዛጎል አይደብቅም። ጫፉ ከነጣና ከተቦረቦረ፣ አዲስ የሚያድገው ከንፈሩም ከሳሳ ውሃው ማዕድን አጥቷል፣ ወይም አሲድነቱ ጨምሯል፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መጨመር ያስፈልጋል። ሜላኖይደሶቹ በጠራራ ቀን ከአሸዋው ወጥተው መስታወቱን ሽቅብ ከተያያዙት ኦክስጅን አንሷል፣ ወይም ውሃው ቆሽሿል። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ሲቆም መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳር ቀንድ አውጣ ለቅማችሁ ወደ ገንዳ አታስገቡ። በአገራችን ወንዞች የሚኖረው ባዮምፋላሪያ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ጥገኛ ውሃ የነካ እጅን ቆዳ በስቶ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበትም ይህን በሽታ ሲያጠኑ ነበር። እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ወደ ገንዳ አይጠጋ።

ቀንድ አውጣችሁን በገንዳ ካራባ ሰው ውሰዱ። ከዓሦቹ አስቀድማችሁ ወደ ገንዳው አስገቡትና አዲስ የሚያድገውን ዛጎሉን ተከታተሉ። ጠንካራና ያልተቦረቦረ ሆኖ ካደገ ውሃው ለታንጋኒካ ዓሣ ደርሷል፤ ካልሆነ ዓሣ አትግዙ።