የማይሮጡ ፈረሶች

የሠረገላ እሽቅድምድም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ ሲባል ሰው የሚጠብቀው አቧራና ላብ ነው። በግሪክ አገር በኦሊምፒያ፣ በዜውስ ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ ግንባር ላይ ግን ሁለቱም የሉም። ቤተ መቅደሱ ያለቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ457 ዓመት ገደማ ነው። ታሪኩም የንጉሥ ኦይኖማዎስና የጎልማሳው የፔሎፕስ ነው፤ ልጄን የሚፈልግ በሠረገላ ይቅደመኝ፣ ከተሸነፈ ግን ይሞታል ይላል ንጉሡ። ታዲያ ቀራጩ ምን አደረገ? ዜውስን መካከል ላይ አቆመ፤ ሁለቱን ተፎካካሪዎች ግራና ቀኝ አደረገ፤ በየወገናቸው አራት አራት ፈረስ ገተረ። ውድድሩ ገና አልተጀመረም።

ብዙዎቻችን ፎቶግራፉን አይተን «ደረቅ ነው» ብለን አልፈናል። እኔም ብያለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከፈረሶቹ ኋላ መሬት ላይ የተቀመጠው ንግርት አዋቂ ሽማግሌ ነው። ሥጋው ላልቷል፣ እጁን ወደ ፊቱ አንሥቷል፤ የሚመጣውን ያውቃላ! ፈረሶቹ ቢሮጡ ኖሮ ዓይናችን እነሱን ተከትሎ በነጎደ ነበር። በመቆማቸው ግን የሽማግሌው ጭንቀት ወደኛ ተጋባ። እንደ አንዱ አተራረክ የንጉሡ ሠረገላ ነጂ ሚርቲሎስ ጉቦ በልቶ የመንኮራኩሩን መያዣ በሰም ለወጠው፤ ንጉሡ ተከስክሶ ሞተ፤ ፔሎፕስም ባለውለታውን ነጂ ባሕር ጨመረው።

የነጂ ዕጣ በተረት ብቻ አልነበረም። በኦሊምፒያ የሠረገላ ውድድር ዘውዱ የሚደፋው ለፈረሶቹ ባለቤት ነው። የስፓርታ ንጉሥ ልጅ ኪኒስካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 እና በ392 ያሸነፈችው ልጓም ሳትጨብጥ ነው። የነዳላት ማነው? ስሙን የጻፈልን የለም።

ይኸን እያሰብኩ ነው ከአሰላ በበቆጂና በአሳሳ አድርጌ ዶዶላ የወረድኩት። ከዚያ ወደ ኮፈሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች አሉ፤ ፈረሰኛ የተሣለባቸው፣ አንዳንዱም አንበሳና ከብት የታከለበት። እነዚህም ፈረሶች አይሮጡም። ቢሆንም የኦሊምፒያው ፈረስ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ የአርሲው ግን ጉዞውን ጨርሶ ጌታውን እንደ ተሸከመ የቆመ ነው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ምጣኔ የለውም፣ ሰውየው ከፈረሱ ገዝፏል» አለኝ። ገዝፏል፣ አልክድም። ግን ምጣኔውን ከየት አምጥተን ነው የምንለካው? ሰው በፈረሱ ስም «አባ እገሌ» እየተባለ በተወደሰበት አገር ፈረሱና ሰውየው አንድ ስም ናቸው። ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያሰኘው ይኸው የፈረስ ስም ነው። ሣዩ ሁለት አካል አልሣለም፤ አንድ ስም ነው የሣለው። ስለ ዜውስ ግንባር ገጽ ሙሉ የምንጽፍ ልጆች እነዚህን በአውቶቡስ መስኮት አይተን እናልፋለን። ቀለሙን ደግሞ ፀሐይና ዝናብ አይምረውም። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የወረደ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

እርግጥ መቃብሩም የባለፈረስ መቃብር ነው፤ የሎሌ አይደለም። በዚህ ግሪኮቹን ብቻ መውቀስ አይገባኝም።

የሚሮጥ ፈረስ ለሚፈልግ የአቴናው ፓርቴኖን አለለት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ442 እና በ438 መካከል የተቀረጸው፣ 160 ሜትር የሚሆነው የእብነ በረድ ጥምጥም ላይ ሠረገሎች ይጋልባሉ፣ ጋሻ ያነገቡ ሰዎች እየዘለሉ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። ፎቶግራፉን አሰላ ገበያ ዳር ለቆሙ አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ አሳየኋቸው። ዘላዩን ባለጋሻ ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። ጣታቸውን ነጂው እጅ ላይ አሳረፉ።

«ልጓሙስ የት አለ ልጄ?»

ከነሐስ የተሠራ ነበረ ጋሼ፣ ወልቆ ጠፍቶ ነው፤ የተሰካበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፣ አልኳቸው። ፎቶግራፉን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቀዳዳዎቹን አንድ ባንድ ፈለጉ።